ከመመደባችሁ በፊት ጠይቁን

ለካውንቲያችን የአእምሮ ጤና አገልግሎት ቢሮ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ አማርኛ ተናጋሪዎችን ከቴራፒስት ጋር ስታገናኝ የነበረችው ሠራተኛ የሥራ መደብ መታጠፉን ይመለከታል

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኛ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የምንኖር የኢትዮጵያውያን እድር አባላት ነን። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍነው ሆን ብለን ነው። በቢሮዎ መግቢያ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «በቋንቋዎ እናገለግልዎታለን» ይላል። ከሥሩ ከተዘረዘሩት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እኛም በቋንቋችን መጣን። የእንግሊዝኛው ትርጉም ተያይዟል። ለሕዝብም ግልጽ ያደረግነው ጉዳዩ የእኛ እድር ብቻ ስላልሆነ ነው።

ባለፈው መስከረም ከቢሮዎ አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰን። ለአራት ዓመት ሰዎቻችንን ከቴራፒስት ጋር ስታገናኝ የነበረችው ሠራተኛ መደቧ መታጠፉን ይገልጻል። በእሷ ፈንታ ሁለት ነገር ቀርቦልናል። አንዱ ኢንተርኔት ላይ የሚሞላ ቅጽ ነው። ሌላው የስልክ አስተርጓሚ ነው። ደብዳቤው ይህን «የአሠራር ማሻሻያ» ይለዋል። ምክንያቱ የበጀት እጥረት እንደሆነም ይናገራል። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ከእኛ ጋር የተነጋገረ ሰው የለም።

ያቺ ሠራተኛ ምን ትሠራ እንደነበር ቢሮዎ በትክክል የሚያውቅ አይመስለንም። ስለዚህ እንንገርዎ።

አንድ ሰው ሲደውልላት ቅጽ አታወጣም። ሰላምታ ትለዋወጣለች። ቤተሰብ ትጠይቃለች። ከዚያ ቀስ ብላ ትገባለች። «ሴት ብትሆን ይሻልዎታል ወይስ ወንድ? ሐበሻ ይሁን ወይስ ሐበሻ ባይሆን ይመርጣሉ? ቤትዎ ውስጥ ብቻዎን የሚያወሩበት ክፍል አለ? ከሥራ በስንት ሰዓት ይወጣሉ? ከዚህ በፊት ሞክረው የተዉት ቴራፒስት አለ? ምኑ ነው ያልተስማማዎት?» መልሱን በማስታወሻ ደብተሯ ትጽፋለች። ከዚያ ራሷ ወደ ቴራፒስቶቹ ትደውላለች። ኢንሹራንሱን ይቀበላሉ? አዲስ ሰው ይወስዳሉ? በዚህ ዓይነት ችግር ላይ ሠርተው ያውቃሉ? ይህን ሁሉ አጣርታ ነው ሁለት ወይም ሦስት ስም ይዛ የምትመለሰው። ምርጫው የሰውየው ነው።

ሥራዋ በዚህ አያበቃም። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ መልሳ ትደውላለች። «እንዴት ነበር? ካልተስማማዎት ለእኔ ይንገሩኝ፤ ሌላ እንፈልጋለን» ትላለች። ይህቺ ስልክ ለእኛ ሰው ትልቅ ነገር ናት። እኛ ጋ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። አንድ ሐበሻ ቴራፒስቱን ፊት ለፊት «አልተመቸኸኝም» አይለውም። ፈገግ ይላል፣ ያመሰግናል፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ይዞ ይወጣል። ከዚያ አይመለስም። ቢሮዎ መዝገብ ላይ «ታካሚው አቋርጧል» ተብሎ ይጻፋል። እውነቱ ግን ያ ሰው ከማይስማማው ሰው ጋር መገናኘቱ ነው።

እድር በዚህ ምን አገባው የሚል ይኖራል። የእድር ሥራ ቀብር ነው። ሰው ሲያርፍ ቀድሞ የሚደወለው ለእኛ ነው። ድንኳኑን ባንተክልም አዳራሹን እንይዛለን፣ ንፍሮና ቡና እናዘጋጃለን፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት እንሸኛለን። ባለፉት ዓመታት ቤተሰብ «በድንገት ነው» ብሎ የነገረንን ወጣቶች ሸኝተናል። «በድንገት» ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ቤተሰቡም እንደምናውቅ ያውቃል። ማንም ቃሉን አያወጣውም። ከዚያ በኋላ ነው የእድሩ ኮሚቴ ሰው ከመሞቱ በፊት ያለውንም ነገር ሥራዬ ብሎ የያዘው። ያቺን ሠራተኛ ያወቅናት ያኔ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ራሳችንን ሳንሸሽግ እንናገር። ማኅበረሰባችን ውስጥ ቴራፒ ማለት ለብዙ ሰው አሁንም እብደት ነው። አንድን አባል «እስቲ ሰው አነጋግር» ብሎ ለማሳመን አንዳንዴ ዓመት ይፈጃል። ሚስት ታለቅሳለች፣ የነፍስ አባት ይመክራሉ፣ ጓደኛ መኪና ውስጥ ይለምናል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሰውየው በመጨረሻ እሺ ይላል። የሚሞክረውም አንድ ጊዜ ነው። በዚያች አንድ ጊዜ ያልሆነ ሰው ጋ ከላካችሁት «አላልኳችሁም?» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለተኛ በሩን የሚከፍት የለም። ስለ ማገናኘቱ ሥራ ይህን ያህል የምንጮኸው ለዚህ ነው።

አሁን ከመስከረም ወዲህ የሆነውን እናስረዳ። ባለጉዳዮቹ እንድንጽፍ ፈቅደውልናል። ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ነገር ቀይረናል።

ከቅጹ እንጀምር። ትርጉሙ የማሽን ነው። ማንም አማርኛ የሚያነብ ሰው አላየውም። ጥያቄዎቹ ዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራባቸው ናቸው፤ ባለ ዘጠኝ ጥያቄው ፒ ኤች ኪው 9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ እንዲህ ተሰማህ እያለ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ማጣትን ነው የሚጠይቀው። እንግሊዝኛው «ኢንተረስት» የሚለው ቃል ፍላጎትም ወለድም ማለት ስለሆነ የእናንተ ቅጽ ላይ «ነገሮችን ለመሥራት ትንሽ ወለድ» ተብሎ ተተርጉሟል። መከፋትን የሚጠይቀው ሁለተኛው ላይ ደግሞ «ወደ ታች መሰማት» ይላል።

ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት የ62 ዓመት እናት ይህን ቅጽ እድሩ አዳራሽ ውስጥ አጠገባችን ቁጭ ብለው ሲሞሉ አይተናል። የልጅ ልጃቸው አትሞ ነው የሰጣቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስማቸውን ጻፉ። «ወለድ» የሚለው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋደሙት። ባላቸው ትተውት የሄዱት የቤት ብድር አለ። ስለ እሱ የሚጠይቋቸው መሰላቸው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «በኋላ እሞላዋለሁ ልጄ» አሉ። እስከ ዛሬ አልሞሉትም።

የሚቆጨን ሥራው ቀድሞ የተሠራ መሆኑ ነው። ይህ መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ወለድ የሚባል ነገር ውስጡ እንዲገባ የሚያደርግ ምንም ምክንያት አልነበረም።

ወደ ስልክ አስተርጓሚው እንለፍ። ከሁሉም የከፋው እዚህ ነው።

አንዲት እህታችን እናቷ አገር ቤት አረፉባት። የመኖሪያ ወረቀቷ ስላላለቀ ለቀብር መሄድ አልቻለችም። እርሟን እዚህ ሆና አወጣች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም፣ ሥራ ቦታ ቆማ ታለቅሳለች። ቢሮዎ አማርኛ የማይናገር ቴራፒስት መደበላት፤ አስተርጓሚው ስልክ ላይ ነው። ምን ሆነሽ ስትባል ማንኛችንም የምንለውን ነው ያለችው። «ሆድ ይብሰኛል። ሆዴን ባር ባር ይለዋል።»

አስተርጓሚው ሆድ የሚለውን ቃል ቀጥታ ወደ ጨጓራ ወሰደው። ቴራፒስቷ ደነገጠች። መቼ ጀመረሽ? ምግብ ስትበይ ይብስብሻል? እህታችን ጥያቄው ግራ ቢገባትም ሰው ላለማሳፈር መለሰች። «አዎ፣ ምግብም አይበላልኝም» አለች። በዚያው ወደ ጨጓራ ሐኪም ተላከች። በጉሮሮዋ ካሜራ ገባ። ጨጓራዋ ጤነኛ ነው ተባለች። ይህ ሁሉ ሦስት ወር ፈጀ። በሦስቱ ወር ውስጥ ስለ እናቷ የጠየቃት አልነበረም።

አማርኛ ኀዘንን በሆድና በአንጀት ነው የሚናገረው። አንጀቴ አረረ፣ ሆዴ ተላወሰ፣ ልቤ ተሰበረ፣ ልቤን ያፍነኛል እንላለን። ድብርት የሚለውን ቃል ራሱ ብዙ እናቶች ለራሳቸው አይጠቀሙበትም። ያ አስተርጓሚ ክፉ ሰው አይደለም። ከእሷ በፊት የመብራት ሂሳብ ጉዳይ ሲያስተረጉም ቆይቶ ይሆናል። ለዚህ ሥራ ያሠለጠነው ግን የለም። በዚያ ላይ በየቀጠሮው ሰውየው ይቀያየራል። እስር ቤት የደረሰባትን ለመናገር ስንት ቀን ስትዘጋጅ የሰነበተች ሴት በየሳምንቱ ለአዲስ የማታውቀው ድምፅ ከሀ መጀመር አለባት።

የ71 ዓመት አባታችንም አሉ። አስተማሪ ነበሩ፤ ግማሹ እድር ተማሪያቸው ነው ማለት ይቻላል። አስተርጓሚው ገና ከመጀመሪያው «አንተ ስንት ዓመትህ ነው?» አላቸው። ልጁ እዚህ ያደገ ይመስለናል፤ እንግሊዝኛው አንተና አንቱን አይለይም። እሳቸው ዕድሜያቸውን ተናገሩ፣ ከዚያ ዝም። እስከ መጨረሻው «አዎ» እና «አይ» ብቻ። በማስታወሻው ላይ «ታካሚው ለመተባበር ፈቃደኛ አይደለም» ተብሎ ተጻፈ። ልጃቸው ናት ያነበበችልን።

ከዚህም የሚያስፈራው ስለ ሞት የሚነገረው ነው። «ምነው በሞትኩ» የሚለውን ቃል አንድ ሰው በምሬት ሊለው ይችላል። የምሩንም ሊለው ይችላል። «ልሙት!» ደግሞ ተራ መሐላ ነው። ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው ቆም ብሎ ይጠይቃል፤ «ይህን ስትይ ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ነው?» ብሎ በቀጥታ፣ በአክብሮት። የማያውቅ ሰው ወይ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ወይ ፖሊስ ይጠራል። ሁለቱም ደርሶብናል። ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ወይም የጨነቀው ሰው የሚደውልበትን የ988ን ቁጥር ለአባሎቻችን አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። እዚያ ሲደወልም አስተርጓሚ ይጠየቃል። ግን ሰው እዚያ ከመድረሱ በፊት የሚያዳምጠው ያስፈልገዋል።

አስተርጓሚ ሲጠፋ ደግሞ ልጅ ይጠራል። አንድ የ13 ዓመት ልጅ የእናቱን ቀጠሮ አስተርጉሟል። አባቱ እናቱን ምን ያደርጋት እንደነበር በእንግሊዝኛ የተናገረው እሱ ነው። መሐል ላይ አንዱን ዓረፍተ ነገር ዘሎታል። እናቱ አውቃለች፣ ግን ዝም አለች። ኦባማኬር በሚባለው የጤና ሕግ ክፍል 1557 ሥር የወጣው ደንብ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ዕድሜው ያልደረሰ ልጅን ለአስተርጓሚነት መጠቀም ይከለክላል። ይህን ቢሮዎ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።

ቀጥሎ የምንናገረው ሐበሻን ለሐበሻ ስለመስጠት ነው። አማርኛ የሚናገር ቴራፒስት እንፈልጋለን ስንል ስሙ ሐበሻ የሆነውን ሁሉ ለሐበሻ ስጡት ማለታችን አይደለም።

አንዲት እዚህ የተወለደች ወጣት እንግሊዝኛዋ ከእናንተ እኩል ነው። ቅጹ ላይ ምንም ምርጫ አልጻፈችም፤ የሚጠይቅ ቦታ ስለሌለው። በስሟ ብቻ ለሐበሻ ቴራፒስት ተመደበች። በቪዲዮ ስትከፍተው ሴትየዋን አወቀቻት። እናቷ ጋ በየወሩ ለማኅበር የሚመጡ ናቸው። ቴራፒስት ምስጢር እንደሚጠብቅ ልጅቷ ታውቃለች። ሴትየዋም የተከበሩ ባለሙያ ናቸው። ግን ልጅቷ ስለ እናቷ ልታወራ ነበር የመጣችው። እንዴት ትጀምር? ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

ሌላው ወንድማችን ከትግራይ የመጣ ነው። አማርኛው ከማንኛችንም አይተናነስም። በጦርነቱ ዘመን ስልክ ተቋርጦ ስለ ቤተሰቡ ሞትና ሕይወት ወራት ሙሉ ሳያውቅ የቆየ ሰው ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከተፈረመ በኋላ ነው ማን እንዳለ ማን እንደሌለ የሰማው። ኮምፒውተሩ «ኢትዮጵያዊ፣ አማርኛ» ብሎ መደበው። ምናልባት ደስ ብሎት ይቀበል ነበር። ምናልባት ትግርኛ ይመርጥ ነበር። ምናልባት አሜሪካዊ ይሻለው ነበር። እኛ ስለ እሱ አንመልስም፤ ቢሮዎም መመለስ አልነበረበትም። እሱን መጠየቅ ነበር የሚገባው። ኦሮምኛ ተናጋሪ አባሎቻችንም ስለዚሁ ነገር አቤት ብለዋል።

ምርምሩም የሚለው ከዚህ የራቀ አይደለም። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ግምገማ ሰዎች ከራሳቸው ዘር የሆነ ቴራፒስት ሲጠየቁ እንደሚመርጡ አግኝቷል። የሕክምናው ውጤት ላይ ግን ዘር መመሳሰሉ ያመጣው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሌላ ግምገማ ደግሞ 76 ጥናቶችን አይቷል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ የተሰጠ ሕክምና በእንግሊዝኛ ከተሰጠው ሁለት እጥፍ ውጤታማ ሆኖ ተገኝቷል። ቋንቋው ይቅደም፤ የቀረውን ባለጉዳዩ ይንገራችሁ።

የስም ዝርዝሩን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ቢሮዎ የሰጠን የአማርኛ ተናጋሪ ቴራፒስቶች ዝርዝር 14 ስም አለው። ሦስት ሆነን አንድ ቅዳሜና ሰኞ ቁጭ ብለን ሁሉም ጋ ደወልን። አራቱ ስልካቸው አይሠራም ወይም የሌላ ሰው ሆኗል። አንዷ ወደ ሌላ ስቴት ከሄዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አንዱ አማርኛ አይናገሩም፤ ስማቸው ነው ያሳሳታችሁ፣ ኤርትራዊ ናቸው። ሦስቱ አዲስ ሰው አይወስዱም። ሁለቱ ኢንሹራንስ አይቀበሉም፤ በጥሬ ነው። ሁለቱ መልእክት ትተንላቸው አልመለሱም። የቀረችው አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ከሕፃናት ጋር ነው የምትሠራው።

ይህ የእናንተ ችግር ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። የአሜሪካ ሴኔት የፋይናንስ ኮሚቴ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2023 በስድስት ስቴቶች ከ12 የሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጥ፣ በዋናነት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) ዕቅዶች ዝርዝር ላይ 120 የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ጋ ደውለው ነበር። ቀጠሮ መያዝ የቻሉት 18 በመቶው ላይ ብቻ ነው። የቀረው በስም ብቻ ያለ ነው። ለዚህም ነው ከእ.ኤ.አ. 2022 መግቢያ ጀምሮ የግል ኢንሹራንሶች ዝርዝራቸውን ቢያንስ በየ90 ቀኑ እንዲያጣሩ የፌዴራል ሕግ የሚያስገድዳቸው። የእናንተ ዝርዝር ግርጌ ላይ ያለው ቀን ከሦስት ዓመት በፊት ነው።

ዝርዝሩ ከማይነግራችሁ ነገር አንዱ ቴራፒስቱ በየትኛው ስቴት ለማከም ፈቃድ እንዳለው ነው። ይህ ዲሲ አካባቢ ለሚኖር ሰው ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ሜሪላንድ እናድራለን፣ ቨርጂኒያ እንሠራለን፣ ቤተ ክርስቲያን ዲሲ እንስማለን። አንድ ባለ ታክሲ ወንድማችን ስድስት ወር ጠብቆ አማርኛ የምትናገር፣ ቴራፒ የምትሰጥ ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ) አገኘ። ቤቱ ሁለት መኝታ ቤት ነው፤ ስድስት ሆነው ይኖራሉ። ስለዚህ ቀጠሮውን መኪናው ውስጥ ሆኖ ለማድረግ አሰበ። ደለስ ኤርፖርት ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ አለ። መስኮቱን ዘጋ፣ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አቆመ። እሷ እንደ ደንቡ መጀመሪያ «አሁን የት ነህ?» አለችው። «ደለስ» አላት። ዝም አለች። ፈቃዷ የሜሪላንድ ብቻ ነው፤ ደለስ ቨርጂኒያ ነው። ሕጉ የሚያየው ታካሚው በዚያች ሰዓት የተቀመጠበትን ቦታ ነው። ለሳይኮሎጂስቶች ሦስቱንም አካባቢዎች የሚያጠቃልል ስምምነት አለ፤ እሷ ግን ሶሻል ወርከር ናት። አዝና ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም ተራው ደርሶ ተሳፋሪ ጫነ።

ሕጉን ቢሮዎ አላወጣውም። ግን ያቺ ሠራተኛ ብትኖር ኖሮ «የት ሆነህ ነው የምታወራው?» ብላ ቀድማ ትጠይቀው ነበር። ወይ ፈቃዷ የሁለቱም የሆነ ትፈልግለታለች፣ ወይ ቀጠሮውን ሜሪላንድ በሚሆንበት ሰዓት ታስይዝለታለች። ሰዓቱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። የምትሰጡን ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ነው። አባሎቻችን የሌሊት ፈረቃ ነርሲንግ ሆም የሚያድሩ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ኡበር የሚነዱ ናቸው። የማታና የእሑድ ቀጠሮ ያላቸው ቴራፒስቶች መኖራቸውን እናውቃለን። ቅጹ ሰዓት አይጠይቅም።

አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ጠበል እጠመቃለሁ ያለች አንዲት ሴት ወዲያው «ድምፅ ትሰሚያለሽ?» ተብላ ተጠይቃለች። ሙስሊም አባሎቻችንም ሩቅያ (ቁርአን እየተቀራ የሚደረግ ፈውስ) ሲሉ ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል። ጠበል የሄደ ሁሉ ሕክምና ጠላ ማለት አይደለም። ጠዋት ተጠምቆ ከሰዓት ቴራፒስት ጋ የሚሄድ ሰው አለን። ይህን ቀድሞ የሚያውቅ ባለሙያ መምረጥ ይቻላል፤ የሚያስረዳው ሰው ካለ።

የምንጠይቀው ይህን ነው።

ከሁሉ በፊት የሠራተኛዋ መደብ ይመለስ። እሷ ራሷ ባትሆንም አማርኛ የሚያውቅ፣ ደሞዝ የሚከፈለው፣ ይህን ብቻ ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ይቀመጥ። በእድሩ ውስጥ በነጻ የሚያግዙ አራት ሰዎች አሉን። ቅጹን ለማረም ነገ ብትሉን ነገ እንመጣለን። የእሷን ቦታ ለመተካት ግን አይደለም። የሰው ምስጢር በበጎ ፈቃደኛ ትከሻ ላይ አይጫንም።

የማሽኑ ቅጽ እስኪታረም ከኢንተርኔት ይውረድ። መጠይቁ በተፈተሸው የአማርኛ ትርጉም ይተካ። ምርጫን የሚጠይቁ መስመሮች ይግቡበት፤ ቋንቋ፣ ፆታ፣ ከማኅበረሰቡ ይሁን አይሁን፣ ሰዓት፣ የሚያወራበት ቦታ። «ምርጫ የለኝም» የሚልም ይኑር።

አስተርጓሚ የግድ ሲሆን ለአእምሮ ጤና የሠለጠነ ይሁን። ለአንድ ታካሚ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሰው ይመደብ። ልጅ በምንም ዓይነት አይጠራ። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች። ዛሬ አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚሠሩባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ድልድዩን ተሻግረን እዚያ የምናየውን እዚህ ማየት ብዙ አይደለም።

የስም ዝርዝሩ በየሦስት ወሩ በስልክ ይጣራ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የየትኛው ስቴት ፈቃድ እንዳለው፣ ኢንሹራንስ መቀበሉ፣ አዲስ ሰው መውሰዱና በምን ላይ እንደሚሠራ ይጻፍ።

ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ በሳምንት ውስጥ ከቢሮው ስልክ ይደወል። ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ ቴራፒስት መቀየር እንደሚችል በአማርኛ ይነገረው።

በመጨረሻም ቁጭ ብለን እንነጋገር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሻችን ክፍት ነው። በ30 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። ያቺ እናት ቅጹን አሁንም ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውታል፤ ስትመጡ ያሳዩአችኋል።

ከሰላምታ ጋር፣

የእድሩ ጸሐፊ፣
በእድሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴና በኀዘንተኛ ጠያቂ ቡድን ስም

ግልባጭ፦
ለካውንቲው ምክር ቤት አባላት
በአካባቢው ላሉ እድሮች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች